ሰባራው ድልድይና የአገር ጉብኝት

(በማኅበራችን የቅዳሜ ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)



የውይይት ክፍላችን ሰብሳቢ ስለ አንድ የገጠር ባሕር ዳርቻ፤ ስለ ታሪካዊ ቦታዎቹና ስለ ተፈጥሮው ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ «ወንድሜ፤ እኔ የወገዳ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ከየት አባቴ ላምጣልህ?» ብዬ መለስሁለት። እርሱም ሳቅ ብሎ «ባሕር ቢጠፋ ዳር አይጠፋም» አለኝ። ነገሩን ለቀልድ ተናግሮት ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት አለበት። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባሕር ባይኖራቸውም ዳር አላቸው። በአንድ ወገን የበሽሎ ወንዝ ከወሎ ይለያቸዋል፤ በሌላው ወገን ዓባይ ከጎጃም ይለያቸዋል። በክረምት ወራት ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ከታች የሚጮኸውን ደፍራሽ ውሃ፤ ከማዶም የሚታየውን የሌላ አገር ጢስ የተመለከተ ሰው፤ የባሕር ዳር ሰው ደሴት እያየ መርከብ ሲያጣ የሚሰማውን ስሜት ያውቀዋል። ማዶው ቅርብ ነው፤ ዐይን ይደርስበታል፤ እግር ግን አይደርስበትም።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ዳርቻ ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልግለጽ። ስለ አገር ጉብኝት ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው የፍርስራሽ ታሪክ ነው። ይህ ቤተ መንግሥት በእገሌ ዘመን ተሠራ፤ ያ ቤተ ክርስቲያን በእገሌ ዘመን ተቃጠለ ይባላል፤ ተመልካቹም ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። በእኛ አገር ያሉት ታሪካዊ ቦታዎች ግን አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው። ተማሪ ይማርባቸዋል፤ ነጋዴ ይሻገርባቸዋል፤ ገበሬ ውሃ ይቀዳባቸዋል። በሥራ ላይ ያለን ነገር የሚጎበኝ ሰው ደግሞ ከፍርስራሽ ጎብኚ የበለጠ ግዴታ አለበት። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ምክንያቱን በአንድ ድልድይ ታሪክ አስረዳለሁ።

ጉዞውን ከራስጌው፤ ከጉና እንጀምር። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን ፋርጣ፣ ላይ ጋይንትና እስቴ ይጋሩታል። የምድር ጥናት ሊቃውንት እንደሚነግሩን ጉና በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር። እርሱ ራሱ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ሲኖረው፤ የተቀመጠበት የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ደግሞ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በሽሎና ዓባይ ያን ያህል ጥልቅ ገደል የቆፈሩት ይህንኑ ንጣፍ ሲሰረስሩ ኖረው ነው። በተራራው ራስ ላይ ጅብራ እንደ ዘበኛ ነጠል ነጠል ብሎ ቆሞ ይታያል፤ በዙሪያውም አስታና ጓሳ አለ። ጧት ጧት ጉም ሲነሣ ከዚያ ላይ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፤ ደጋው ወደ ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋውም ወደ ቆላ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ያያል።

ከዚህ ተራራ የሚፈልቀው ውሃ ነገሩ ያስደንቃል። ርብና ጉማራ ወደ ምዕራብ ወርደው ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም ዓባይ ይወጣል። በምሥራቅና በደቡብ ገጽ የሚወርዱት ጅረቶች ግን ጣናን ሳያዩ በበሽሎና በሌሎች ገባሮች በኩል ዞረው ከዚያው ከዓባይ ይገናኛሉ። ከአንድ እናት ተወልደው በየዘመድ ቤት እንዳደጉ፤ በኋላም በሠርግ ቀን እንደሚገናኙ ወንድማማች ናቸው። በጉና ራስ ላይ ጓሳው ታጭዶ፣ አስታው ለማገዶ ተቆርጦ፣ እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ዝናቡ መሬት ውስጥ መስረጉን ትቶ አፈር ይዞ ይወርዳል። በበጋ ምንጭ ይደርቃል፤ በክረምት ጎርፍ ይበረታል። ስለዚህ ጉናን እንደ ሥዕል ብቻ የሚያይ ጎብኚ ግማሹን አላየም። ጉና ከሥሩ የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ የውሃ ጎተራ ነው።

ከጉና ወደ ምሥራቅ ስንወርድ ነፋስ መውጫን እናገኛለን። ከዚያ በስተ ግራና በስተ ቀኝ ያለው አገር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስሙ የታወቀ ነው። እኛ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ስንል አንድ ግቢ፣ አንድ በር፣ በውስጡም ብዙ የትምህርት ክፍሎች ይታዩናል። የአባቶቻችን ዩኒቨርሲቲ ግን ክፍሎቹ በየአምባው ተበትነው፤ ኮሪደሩ የእግር መንገድ ነበር። በላይ ጋይንት ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ራሱ በዚያ እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል። በታች ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በየትም አገር ድጓን የተማረ ሰው «ቤተልሔም ወርጃለሁ» ካላለ ትምህርቱ ፍጹም አይባልለትም ነበር። በእስቴ በኩል ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ «ቆማ» የሚባለው የዜማ ስልት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ድጓ የሚማር ሰው ዓመታት ይፈጅበታል፤ መጽሐፉንም ራሱ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ከነምልክቱ ይጽፈው ነበር። አንድ ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉን በእጁ ሠርቶ የሚመረቅበት ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው።

ስለ ቤተልሔም አንድ ታሪክ ላንሣ። በ1948 ዓ.ም. አካባቢ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ፤ ከኦክስፎርድ ትምህርቱን ገና የጨረሰ ወጣት፤ በበቅሎ ተጉዞ ወደዚያ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነበረው። ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን በሣር ክዳኑ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ፣ ከተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። በኋላም ስለ ጉዞው «የራሴላስ ተራሮች» የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ የውጭ አገር ሊቃውንትም ቤተልሔምን «የተገኘች» ብለው መዘገቧት። ለማን ነው የተገኘችው? የድጓ መምህራን በየዕለቱ ይቀድሱባት ነበር፤ የቆሎ ተማሪው በቅጥሯ ሥር ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበር። ይሁን እንጂ ፓከንሃምን አልወቅሰውም። እርሱ ያየውን ጻፈ። የሚያሳዝነው፤ በዚያች ደጅ ያደገው ትውልድ ዘመናዊ ትምህርት ከገባ በኋላ ስለ እርሷ ለማንበብ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መፈለግ ግድ የሆነበት መሆኑ ነው።

ከነፋስ መውጫ ወደ ምሥራቅ ትንሽ እንደ ተጓዝን ጨጨሆ ይደረሳል። በዚያ መድኃኔ ዓለም አለ፤ ጠበሉም ከሩቅ አገር ሕዝብ ይጠራል። ጨጨሆ የጋይንት በር ነው። ገደሉ ከግራም ከቀኝም ስለሚጠብብ ከቤጌምድር ወደ ወሎ የሚያልፍ ሁሉ በዚያው ያልፋል፤ መልካም ነገርም ክፉ ነገርም የመጣው በዚሁ በር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚህ ነበር። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፤ እርሱን የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱ እየቆፈረ፣ እየደለደለ፣ በገመድ እየጎተተ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው፤ በሚያዝያ 6 ቀንም አረፉ። እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገብተው በዚያው ቀሩ። መድፉ ግን ከባድ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያም በኋላ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በደብረ ዘቢጥ አጠገብ በአንቺም ሜዳ ከመሀል አገር ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ፤ በዚያ ዘመቻ አውሮፕላን በአገራችን የእርስ በርስ ጦርነት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በእኛም ዕድሜ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ በር አልፎ ነፋስ መውጫ ድረስ መጥቶ ሕዝቡን ብዙ አሠቃይቷል። በመካከሉ ደግሞ ቻይናውያን ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ በዚያው ተረተር ላይ ሠርተዋል፤ የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ዛሬ በአውቶቡስ ተቀምጦ ጨጨሆን በጥቂት ደቂቃ የሚያልፍ ተማሪ፤ ከጎማው ሥር የስንት ሰው ላብና ደም እንዳለ ቢያስብ መንገዱ ራሱ ታሪካዊ ቦታ ይሆንለታል።

አሁን ከዚህ ወደ ደቡብ፤ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ስማዳ ልውሰዳችሁ። የወረዳው ከተማ ወገዳ ናት። ከወገዳ ወደ በሽሎ የሚወርድ ሰው የአየሩን ለውጥ በልብሱ ያውቀዋል። ጧት በጋቢ ተጠቅልሎ ይነሣል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ጋቢውን ትከሻው ላይ ያደርጋል፤ ወንዙ ሲደርስ ሸሚዙንም ሊያወልቅ ይከጅለዋል። ጤፉ ቀርቶ ማሽላ ይመጣል፤ ወይራው ቀርቶ ግራር ይመጣል። ከገደሉ አፋፍ ላይ አጥንት ወደ ሰማይ ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቅ አሞራ ሲያንዣብብ ይታያል። ከወንዙ ዳር ያለው ቆላ ወባ አለበትና የሚጎበኝ ሰው አጎበሩን አይርሳ።

በሽሎ ዳር ቆመን ማዶ ስንመለከት ያለው አገር ሳይንት ነው፤ በዚያም ተድባበ ማርያም አለች። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ያወጡ ሊቃውንት መሆናቸውን የዜማ መምህራን ሁሉ ያስተምራሉ፤ መቀመጫቸውም ተድባበ ማርያም ነበረች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ምልክቱ የወጣው ከበሽሎ ማዶ፤ ትምህርቱ የሚመሰከረው ከበሽሎ ወዲህ በቤተልሔም ነው። ቅኔ ለመማር የሚፈልግ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፤ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል። ወንዙ አገሩን ለያየው እንላለን እንጂ፤ ትምህርቱ የቆመው ወንዙን በሚሻገር እግር ላይ ነው። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን በራሱ ላይ አሥሮ በዋናተኛ ተደግፎ ካልተሻገረ፤ ወይም ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ሰፍሮ ካልጠበቀ፤ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ጉባኤ መድረስ አይችልም ነበር። እኛ ኮርስ ለመቀየር የሬጅስትራር መስኮት ፊት ተሰልፈን ስንማረር፤ እነርሱ ኮርስ ለመቀየር በሽሎንና ዓባይን ይሻገሩ ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ እንዳለን ወደ ጉዟችን መጨረሻ እንድረስ። ከስማዳ ወደ ምዕራብ እስቴ አለ፤ ከተማው መካነ ኢየሱስ ነው። ከእስቴ ቆላ ወደ ዓባይ ሲወረድና ማዶ ወደ ሞጣ ሲታሰብ፤ ገደሉ እጅግ በጠበበበት ቦታ ላይ ሰባራ ድልድይ ይገኛል። በጢስ ዓባይ አጠገብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ያየ ሰው የዚህን ወንድም አይቷል። ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ፤ ቅስቶቹም ጥቁሩን ዐለት ተደግፈው የቆሙ ናቸው። ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ጨው፣ እህል፣ ከብት፣ ሙሽራ፣ ተማሪና ዘማች ተሸክሞ ኖረ። በጣልያን ወረራ ዘመን ግን ትልቁ ቅስት ተሰበረ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። ድልድዩ ተሰበረ እንጂ ሰዉ መሻገሩን አልተወም። ከወዲህና ከወዲያ ባለው ስባሪ ላይ ጎበዛዝት ቆመው ገመድ ይወራወራሉ፤ መንገደኛው ገመዱን በወገቡ ታጥቆ በክፍተቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከማዶ ያሉት ይጎትቱታል። ከሥሩ ዓባይ ይጮሃል። ነጋዴው ዕቃውን፣ ሴቷም ራሷን እንዲሁ አድርጋ በገመድ ታሳልፍ ነበር። ይህ የአንድ ክረምት ነገር አይምሰላችሁ፤ ስድሳ ዓመት ያህል እንዲህ ሲደረግ ኖሯል። በዚያ ስድሳ ዓመት ውስጥ አገራችን የመጀመሪያውን ዩኒቨርሲቲ ከፈተች፤ ኢንጂነሮች አስመረቀች፤ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለወጠ። በገመድ የሚጎተተው ሰው ግን ይጎተት ነበር።

በ1993 ዓ.ም. አካባቢ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት ስለ ዓባይ ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ የዚህን የገመድ መሻገሪያ ፎቶግራፍ አተመ። ኬን ፍራንትስ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ መጽሔቱን ሲያገላብጥ ይህን ሥዕል አየ፤ አይቶም አላለፈውም። ከወዳጆቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ መጣ። ሲሚንቶና ብረት በሰው ጫንቃና በአህያ ጀርባ ወደ ገደሉ ተወርዶ፤ የአገሩ ሰውም አብሮ ሠርቶ፤ በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። ጥቂት ዓመታት እንደ ቆየ ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው። እንደ ገና ተመልሰው በ2001 ዓ.ም. ከጎርፉ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ። በዚያች ፎቶግራፍ ምክንያት የተጀመረው ማኅበር ከዚያ በኋላ በብዙ የዓለም አገሮች የገጠር ድልድይ ሲሠራ ኖሯል።

ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ሆነን በአንድ የጥር ወር ወደዚያ ወርደን ነበር። ከድልድዩ አጠገብ በጥላ ሥር ያረፉ አንድ ሽማግሌ አገኘንና እጅ ነሣን። እርሳቸውም ካሜራውንና የተማሪ ጫማችንን ተመልክተው «ልጆቼ፤ ልታዩት ነው የመጣችሁ ወይስ ልትሻገሩት?» ብለው ጠየቁን። ጓደኛዬ «ልናየው ነው፤ አባቴ» አላቸው። «እንግዲያው ስታዩት ዋሉ፤ እኛ ግን የምናየው ጊዜ የለንም፤ ገበያ ደርሶብናል» አሉና አህያቸውን እየነዱ ተሻገሩ። ሽማግሌው ነገር አልፈለጉንም፤ በቁጣም አልተናገሩም። ነገር ግን ጎብኚንና ባለ ጉዳይን በአንድ ጥያቄ ለይተው አስቀመጡልን።

ወዳጆቼ ሆይ፤ አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። የፎቶግራፉ አንሺም፣ አሜሪካዊውም፣ ፓከንሃምም ያዩት እኛ የምናየውን ነው። ልዩነቱ ከማየት በኋላ በሠሩት ላይ ነው። አንዱ ጻፈ፤ አንዱ ሠራ። ይህን የምለው ባዕድን ለማመስገን፣ ወገንን ለመንቀፍ አይደለም። ድልድዩን በመጀመሪያ የሠራው የአገር ንጉሥ ነው፤ ስድሳ ዓመት ገመድ የጎተተው የአገር ክንድ ነው፤ ሲሚንቶውን ያወረደው የአገር ጫንቃ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር፤ በወንዙ ዳር ያለውን ችግር ከተማ ላለው ዕውቀት የሚያገናኝ መካከለኛ ሰው ነው። ያ መካከለኛ ሰው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን የገጠር ልጅ ሆኖ ከፍተኛ ትምህርት የገባ ተማሪ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ፤ የወንዙንም የላቦራቶሪውንም የሚናገር እርሱ ብቻ ነውና።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሕዝቡ የሚያስፈልገው እንጀራ ነው፤ ጉብኝት የጥጋበኛ ሥራ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሆቴል ይሠራ፤ ቱሪስት ይምጣ፤ ገንዘብ ይግባ» ይላሉ። ለመጀመሪያዎቹ የምመልሰው፤ ስማዳን ደጋግሞ የጎዳው ረኀብ ከመንገድና ከመሻገሪያ ማጣት ተለይቶ የሚታይ አይደለም ብዬ ነው። እህል ማዶ ተርፎ ወዲህ የሚጠፋበትን አገር ሄዶ ያላየ ሰው ስለ እንጀራ በምን ዕውቀት ይናገራል? ለሁለተኛዎቹም፤ ቱሪስት ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት እንኳን የውጭ እንግዳ፤ የአገሩም ልጅ ቤቱ ለመግባት የሚቸገርበት ጊዜ መጥቷል። እንግዳ እስኪመጣ የምንጠብቅ ከሆነ፤ ቦታዎቹ እስከዚያ ማን ዘንድ ይቆያሉ?

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አንድ ዓመት በየገጠሩ ሄደው ያስተምሩ ነበር። እኛ አንድ ዓመት አልተጠየቅንም። በየዕረፍቱ ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ ሰላም ባለበት መንገድ፣ ቤተሰብ በሚያውቀው አገር። ያን ጊዜ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን ሦስት ነገር ብንመዘግብ ምን ይመስላችኋል?

አንደኛ፤ መሻገሪያዎችን። የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር ይዘጋል? ስንት ልጆች ከማዶ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣሉ? ሲሞላስ የት ያድራሉ? በሰፈሬ ከማዶ ይመጣ የነበረ አንድ የክፍል ጓደኛዬ በአራተኛ ክፍል ሳለ ሰኔ ላይ ቀረ፤ መስከረም ሲጠባም አልተመለሰም። ከእኛ ሁሉ በሒሳብ የሚበልጥ ልጅ ነበር። ያስቀረው ድንቁርና ሳይሆን ሃያ ክንድ የማይሞላ ውሃ ነው። ለእንዲህ ያለው ወንዝ የፋሲለደስ ድልድይ አያስፈልገውም፤ ሁለት ጠንካራ ገመድና ጥቂት ሳንቃ ይበቃዋል። ነገር ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ ስላልተጻፈ ማንም አያውቀውም።

ሁለተኛ፤ መምህራንንና መጻሕፍትን። በየትኛው ደብር የዜማ መምህር አለ? ስንት ተማሪ አለው? ጣራው ያፈሳል ወይስ አያፈስም? ብራናው በምን ተቀምጧል? በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያለ የኔታ ፈቃድ መጽሐፍ አይነካም፤ ፎቶግራፍ አይነሣም፤ የሚሸጥም የሚገዛም ነገር የለም። የቅርስ ሌባ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጎብኚ መስሎ ስለ ሆነ፤ ሰዉ ቢጠረጥረን አንቀየም። አስቀድመን ሽማግሌዎችን እናነጋግር፤ የተማርንበትን ደብዳቤ እናሳይ፤ የቤተሰባችንን ስም እንናገር።

ሦስተኛ፤ ምንጮችንና ዛፎችን። በጉና ሥር የትኛው ምንጭ በአባቶቻችን ዘመን ዓመቱን ሙሉ ይፈስ ነበር? አሁን በየትኛው ወር ይደርቃል? የትኛው ቤተ ክርስቲያን ደኑን ጠብቆ አቆየ? ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ እርሳስና የአንዲት ውሃ ቀጂ እናት ምስክርነት ነው፤ እርሷ ከማናችንም የበለጠ ታውቃለችና።

መዝገቡ ሲሰበሰብ ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ለቤተ መጻሕፍታችን፣ አንዱ ለወረዳው አስተዳደር፣ አንዱም ለዚያው ለተወሰደበት ሰፈር። ሦስተኛውን አጥብቄ እለምናለሁ። ዕውቀት ከሕዝብ ወስዶ አለመመለስ ብራና ወስዶ ካለመመለስ ብዙም የተለየ አይደለም። የምህንድስና ተማሪዎች መሻገሪያዎቹን አይተው አንዲቱን እንኳ በትንሽ ወጪ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ቢነድፉ፤ የግብርና ተማሪዎች ስለ ጉና ጓሳ ቢያጠኑ፤ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከመምህራኑ አፍ ቢጽፉ፤ የመመረቂያ ጽሑፋችን ከመደርደሪያ አቧራ ይድናል። ክቡራን መምህራንም የጽሑፍ ርእስ ስትሰጡን ይህን እንድታስቡልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለጉዞው ወራት ከጠየቃችሁኝ፤ ልምላሜውንና አበባውን ለማየት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መልካም ነው። ወንዙን ወርዶ ለማየት ግን ውሃው የሚጎድልበት ጥርና የካቲት ይሻላል። በትር ያዙ፤ በሶ አትርሱ፤ ለሚያሳድራችሁ ሰው ቤት ስኳርና ቡና ይዛችሁ ግቡ። ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰው ጠይቁ፤ አትሂዱ ከተባላችሁም አትሂዱ።

ሐሳቤን የሚደግፍ ወይም የሚቃወም ሁሉ አሁን በሚከፈተው ውይይት ላይ እንዲናገር እጋብዛለሁ። የሚደግፍ ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ስሙንና የሚያውቀውን አንድ መሻገሪያ፤ ወንዙንና ቀበሌውን ጠቅሶ፤ በር አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፍልን። የእኔን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፌዋለሁ።